የታፔላዬ በሬ ባለቤቶች

ታፔላ አሠርታችሁ ታውቃላችሁ? ካላሠራችሁ አልሃምዱሊላህ በሉና ቁጭ ብላችሁ ስሙኝ፤ ካሠራችሁ ደግሞ ጠጋ በሉ፣ አብረን እንብሸቅ። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ሚስት አግብቻለሁ፣ ልጆች ድሬያለሁ፣ የቀበሌ ስብሰባ ላይ ፊተኛው ወንበር ተቀምጬ ሳላንቀላፋ ጨርሼ ወጥቻለሁ። ይህን ሁሉ የቻልኩ ሰውዬ አንዲት ላሜራ ላይ አንድ በሬ አስሎ በር ላይ መስቀል አቃተኝ። ጸጉሬ ላይ የምታዩት ሽበት የዕድሜ እንዳይመስላችሁ፤ የታፔላ ነው።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ፣ እዚሁ ቆቦ ነው። ተወልጄ ያደግሁት እዚህ ቢሆንም ገና ጢሜ ሳያቀመቅም ደሴ ሄጄ ሥጋ ቤት ተቀጠርኩና እዚያው ኖርኩ። ስለዚህ እኔ በሬን የማውቀው ከቆዳው ወደ ውስጥ ነው። ሽንጡን፣ ታላቁን፣ ሻኛውን ዓይኔን ጨፍኜ በእጄ ዳስሼ እለይላችኋለሁ። ከቆዳው ወደ ውጭ ግን ለኔ በሬ ሁሉ አንድ ነው፤ እግር አለው፣ ቀንድ አለው፣ ጭራ አለው፣ አለቀ። የራያ ሰው ደግሞ ተቃራኒዬ ነው። የጎረቤቱን ልጅ ስም ሊረሳ ይችላል። የጎረቤቱን በሬ ግን ከሩቅ፣ በአቧራ ውስጥ፣ ከኋላው አይቶ የማን እንደሆነና እናቱ ከየት እንደተገዛች ይነግራችኋል። ይህን ልዩነት ልብ በሉልኝ። እኔ ያኔ ልብ አላልኩትም።

ከደሴ ስመለስ የራሴን ሥጋ ቤት ልከፍት ብዬ ነው የመጣሁት። ሚስቴ ዘምዘም «ቀስ በል፣ መጀመሪያ ቤት ይገኝ» እያለችኝ፣ እኔ ግን አሠሪዬን ዓመታት ሙሉ በሆዴ ያጠራቀምኩትን ሁሉ ፊት ለፊት ተናግሬው ነው የወጣሁት። ስለ ሚዛኑም፣ ስለ ጸባዩም፣ ስለ ጢሙም ሳይቀር። እንግዲህ ደሴ መመለስ የሚባል ነገር የለም። ያለችኝ ተስፋ ቆቦ ላይ፣ ዋናው መንገድ ዳር ያለች አንዲት የቀበሌ ቤት ብቻ ናት። እሷንም በስንት ልምምጥ አገኘኋት።

የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ጓድ ሞላ ቁልፉን ሲሰጠኝ ጣቱን ቀስሮ ነበር። «ስማኝ ጓድ፣ ይህች ቤት የሰፊው ሕዝብ ናት። እስከ ኢድ ድረስ ታፔላ ሰቅለህ ሥራ ካልጀመርክ የሸማቾች ማኅበሩ የሽንኩርት መጋዘን ያደርጋታል። ማመልከቻቸው ጠረጴዛዬ ላይ ነው» አለኝ።

«ታፔላው ለምን አስፈለገ ጓድ ሞላ? ሥጋ ከተሰቀለ እኮ ሰው ራሱ ያየዋል።»

«ታፔላ የሌለው ቤት በእኛ አሠራር ዝግ ቤት ነው» አለኝ። ከዚህ ወዲያ ምን ይባላል? ረመዳን ሊገባ ነው፤ ኢድ ከበስተኋላው ነው። ሽንኩርትና እኔ እሽቅድምድም ገባን ማለት ነው።

በዚያን ጊዜ ቆቦ ውስጥ ሰዓሊ ቢባል አራጋው ብቻ ነው። አራጋው የመንግሥት መፈክር ጻፊ ነው። ከጎብዬ እስከ ዋጃ ድረስ በየግድግዳው ላይ የምታዩት ክንድ፣ መዶሻ፣ ማጭድ፣ ፀሐይ ሁሉ የሱ እጅ ነው። ኮፍያውን ወደ አንድ ጎን ሸፈፍ አድርጎ ይሄዳል፤ ከሰው ጋር ሲያወራ አንድ ዓይኑን ይጨፍናል። እኔ መጀመሪያ የታመመ መስሎኝ ነበር። ለካ እየለካኝ ነው።

እኔም የምፈልገውን ነገርኩት። አፌ ተከፈተና አልዘጋ አለ። «በሬ አድርግልኝ። ከጎኑ በግ። ከበጉ አጠገብ ፍየል። መሐል ላይ እኔ፣ ነጭ ካፖርት ለብሼ፣ ፈገግ ብዬ። በቀኝ እጄ ቢላ፣ በግራዬ ሚዛን። ከላይ ጨረቃና ኮከብ። ከታች ‹የእስላም ሥጋ ቤት› ብለህ ጻፍልኝ። ዳር ዳሩን አበባ። ቦታ ከተረፈ ደግሞ አንድ ግመል ጣል አድርግበት።»

አራጋው የጨፈነውን ዓይኑን ገልጦ አየኝ። «ይሄ ላሜራ ነው ወይስ የኑህ መርከብ?» አለኝ።

ከብዙ ንትርክ በኋላ በጉ ወጣ፣ ፍየሉ ወጣ፣ እኔም ወጣሁ። በገዛ ታፔላዬ ላይ ቦታ አጣሁ እላችኋለሁ። በሬውና ጽሑፉ ብቻ ቀሩ። ተስማማን ብዬ ልነሳ ስል፣ «የማንን በሬ?» አለኝ።

«እንዴት የማንን? በሬ ነዋ!»

«በሬ የሚባል ነገር እኔ አላውቅም። የማውቀው በዓይኔ ያየሁትን በሬ ነው። እኔ ሳላይ አልስልም።»

«በየአደባባዩ የምትስላቸውን ትልልቅ ሰዎችስ አይተሃቸው ነው?»

ግራና ቀኙን ቃኘና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እነሱ ፎቶግራፍ አላቸው። አንተም የበሬ ፎቶግራፍ አምጣልኝ።»

የበሬ ፎቶግራፍ ከየት አባቴ ላምጣ? «እሺ፣ ደስ ያለህን በሬ አይተህ ሳል» አልኩት። ይህች «ደስ ያለህን» የምትል ቃል ናት ጉድ የሠራችኝ። ሰዓሊ ስታዝዙ ከአፋችሁ እንዳትወጣ።

ከዚያ መጠበቅ መጣ። ረመዳን ገባ። «አራጋው፣ ታፔላዬ?» ስለው «ነገ» ይለኛል። ነገ ስሄድ ዋጃ ለሰልፍ መፈክር ሊጽፍ ሄዷል። ሲመለስ ቀይ ቀለም አልቆበታል። ቀለሙ ሲመጣ ብሩሹ ደርቋል። እኔ ደግሞ ጾመኛ ነኝ፣ መቆጣት አልችልም። «ኢንሻአላህ፣ ግድ የለም ወንድሜ» እያልኩ እመለሳለሁ። ቤት ስደርስ ዘምዘም ፊቴን አይታ «ጾምህን እንዳታበላሽ» ትለኛለች። ኧረ በአላህ፣ ጾሜን ያበላሸው እሱ አይደለም እንዴ?

በመጨረሻ አንድ ቀን ታፔላውን በነጠላ ሸፍኖ እንደ ሙሽራ ይዞት መጣ። ነጠላውን ገለጠው። ጽሑፉ ሸጋ ነው። በሬውም በሬ ነው፤ ቀይ፣ ደንዳና፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት፣ አንዱ ቀንዱ ወደ ታች የተቆለመመ። ግን ፊተኛውን ግራ እግሩን ወደ ላይ አንስቷል። አንገቱን ቀና አድርጎ ሩቅ ያያል። ከጀርባው ፀሐይ እየወጣች ጨረሯን ለቃለች።

«እግሩን ምን ሆኖ ነው ያነሳው?»

«እየገሰገሰ ነው።»

«ወዴት?»

«ወደፊት።»

«አራጋው! ወደፊት እኮ ያለው የኔ ቢላ ነው!»

«ጥበብ አይገባህም» አለኝና ምስማሩን መታው። ኢድም እየቀረበ ስለነበር ታፔላውን ደግፌ ያዝኩለት።

ታፔላ ሲሰቀል የመጀመሪያው ነገር፣ አገሩ ሁሉ ሰዓሊ ይሆናል። የጭነት መኪና ሾፌር ማርሹን ቀንሶ በመስኮት «ጭራው አጥሯል!» ብሎኝ ያልፋል። ማሽላ ሻጯ «ሆዱ ከስቷል፣ ጠብደል አድርገው» ትለኛለች። ጓድ ሞላ ራሱ መጣና እጁን ወደኋላ አጣምሮ ለረጅም ጊዜ ቆመ። «ለምንድን ነው ወደ ቀኝ የሚያየው? በዚህ ወቅት?» አለ። እኔ አራጋውን በክርኔ ጎሰምኩት። አራጋው ግን በዚህ ዓይነት ጥያቄ የሸበተ ሰው ነው። «ከመንገድ ላይ ሆነው ስለሚያዩት ነው ጓድ። ከቤት ውስጥ ሆነው ቢያስቡት ወደ ግራ ነው» አለው። ጓድ ሞላ እውነትም ቤት ውስጥ ገባ፣ ግድግዳው ላይ አፍጥጦ ትንሽ አሰበ፣ ወጣና «ይሁን» አለ።

ይሄም አለፈ አልኩ። የገበያ ቀን ደረሰ።

ጠዋት በሩን ከፍቼ ሳጸዳ ከጎብዬ በኩል የሚመጡ ገበሬዎች ታፔላዬ ሥር እየደረሱ ይቆማሉ። ያያሉ። እርስ በርስ ይተያያሉ። ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ። አንዱማ ኮፍያውን አውልቆ «አላህ ይተካ» ብሎ አለፈ። እኔ ደግሞ ገበያ የደራልኝ መስሎኝ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ «ከኢድ ጀምሮ ነው፣ እንዳትቀሩ!» እላለሁ። ያዩኝ ነበር፣ አስተያየታቸው ግን ደስ አይልም። ነፍሰ ገዳይ እንደሚታየው ነው የሚያዩኝ።

ረፋድ ላይ አንድ ሽማግሌ ዱላቸውን ተደግፈው ከታፔላው ፊት ቆሙ። በጎብዬ በኩል የሚያርሱ፣ አያ እንድሪስ የሚባሉ ሰው ናቸው። በዱላቸው ጫፍ የበሬውን ነጭ ግንባር ጠቆሙ።

«ቦቃ!» አሉት ታፔላውን። «እዚህ ምን ትሠራለህ?»

ዞር ብዬ አየሁ፤ ከእኔ በቀር ማንም የለም። «አያ፣ ይግቡ፣ ጥላ ላይ ይቀመጡ» አልኳቸው።

«የት ነው ያረድከው?»

«ምኑን?»

«በሬዬን።»

«ኧረ አያ፣ ወላሂ እኔ ገና ዶሮ እንኳ አላረድኩም!»

«ታዲያ ይሄ ምንድን ነው?»

«ሥዕል ነው።»

«የማን ሥዕል?»

ይሄኔ ነው ነገሩ የገባኝ። አራጋው ደስ ያለውን በሬ አይቶ ስሏል፤ ያውም ጠጉር ሳያጓድል። ነጩ ግንባር የሳቸው ቦቃ ግንባር፣ የተቆለመመው ቀንድ የሳቸው ቦቃ ቀንድ ነው። «በሬውስ አሁን የት ነው ያለው?» አልኳቸው።

«ቤት ነው፣ ሣር እየበላ ነው።»

«አልሃምዱሊላህ! ታዲያ ምን ሆነ?»

«ምን ሆነ ትለኛለህ? እኔ ያለኝ እሱ ብቻ ነው። ከሰይድ በሬ ጋር አቀናጅተን ነው የምናርሰው፤ አንድ ቀን ለሱ፣ አንድ ቀን ለኔ። ሰይድ ይሄን ታፔላህን አየ። ሥጋ ቤት ደጅ የተሳለ በሬ የተሸጠ በሬ ነው አለ። ‹ቀብድ በልተሃል፣ ለኢድ ልታሳርደው ነው፣ እርሻ መሐል ላይ ልትከዳኝ ነው› ብሎኝ የራሱን በሬ ወስዶ ከሌላ ሰው ጋር ተቀናጀ። ሚስቴ ታለቅሳለች። ጎረቤት አላህ ይተካ ሊለን ይመጣል፣ በሬው ከደጅ ቆሞ እያያቸው! ልጄ፣ ዝናቡ ጥሏል። በአንድ በሬ ምን ላድርግ? በጥፍሬ ልረስ?»

ሰውዬው እንባቸው መጣ። እኔም ተናደድኩ፤ በማን እንደምናደድ ግን አጣሁ። ሽማግሎች ተጠሩ። ዛፍ ሥር ተቀመጡ፣ መረቁ፣ አዳመጡ፣ ተመካከሩ፣ ፈረዱ። ፍርዱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ሥዕሉ ይጥፋ። ሁለተኛ፣ ስሙን ያጠፋሁት እኔ ስለሆንኩ፣ ቦቃን እኔ ራሴ እየጎተትኩ በገበያው መሐል አዙሬ፣ አለመታረዱንና አለመሸጡን ለሕዝብ ላሳይ።

አፉ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ ብዬ ተቀበልኩ። ምን ምርጫ አለኝ? በሚቀጥለው ገበያ ቦቃ መጣ። ገመዱን ስይዘው አፍንጫውን ነፋ፣ አሸተተኝ፣ ዓይኑ ፈጠጠ። በስንት ዓመት የሥጋ ቤት ኑሮዬ ገላዬ ውስጥ የገባውን ነገር በሬ ያውቀው የለ! አልሄድም አለ። ጎተትኩት። ጎተተኝ። በማሽላው ክምር ላይ አለፍን፤ የሰው ዕንቁላል ረገጥን፤ ጨው ተራ ስንደርስ በደረቴ እየተንፏቀቅሁ ነበር። እንደዚያም ሆኜ ግን ግዴታዬን አልረሳሁም፤ «በሬው አልተሸጠም! አይታረድም!» እያልኩ እጮኻለሁ።

ሕዝቡ ምን አለ መሰላችሁ? የምን አይታረድም! ሥጋ ሻጩ በሬውን አንቆ በገበያ መሐል ሲጎትተው በዓይኑ እያየ። «ይኸው ወሰደው! ቦቃ እያወቀው ነው፣ ያሳዝናል!» ይባባላል። አንዲት ሴት ጮክ ብላ አለቀሰች። አያ እንድሪስ ከኋላ ራሳቸውን ይዘው «ተወው! ልቀቀው! እንዲያውም አልተሸጠም አትበል፣ ዝም በል!» እያሉ ይሮጣሉ። እስከዚያ ቀን ድረስ ቦቃ ተሸጧል የሚሉት ጎብዬዎች ብቻ ነበሩ። ከዚያ ቀን በኋላ ዋጃም ሰማ።

ያን ለታ ከሰዓት በኋላ አራጋው ቤት እየከነፍኩ ሄድኩ። ጾም ባይሆን ኖሮ ምን እንደምለው አላህ ነው የሚያውቀው።

«አጥፋው!» አልኩት።

«ጥበቤን?»

«አዎ፣ ጥበብህን!»

ተቆጣ፣ አኮረፈ፣ ኮፍያውን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ። በመጨረሻ «ማጥፋት አልችልም፣ ላሻሽለው» አለኝ። የግንባሩን ነጭ ሸፈነው፣ ቀንዱን አቃናው፣ ጥቁርና ነጭ ደባልቆ ቀዩን አመድማ አደረገው። ሻኛውንም ከፍ አደረገለት። «እንግዲህ ይሄን በሬ እናቱም አታውቀው» አለኝ። ሰቀልነው። ዘምዘም ከደጅ ቆማ አየችውና «ይሄኛውንም የሆነ ቦታ ያየሁት ይመስለኛል» አለች። «አንቺ ደግሞ!» ብዬ ጮህኩባት።

በማግስቱ ጠዋት አንድ ጎልማሳ እያለከለከ መጣ። «ዳለቻዬን! ዳለቻዬን ምን አደረግከው?» ይላል።

«አንተ ደግሞ ማነህ?»

«ሰይድ ነኝ!»

ገባችሁ? አያ እንድሪስን ትቶ የሄደው ሰይድ ራሱ! አራጋውን አስጠራሁት። መጣ፣ ታፔላውን አየ፣ ሰይድን አየ፣ ጆሮ ግንዱን አከከ። «ቦቃን ስስል ማሳው ላይ አብሮት የተጠመደው በሬ ዳለቻ ነበር፤ ዓይኔ ውስጥ ቀርቶ ይሆናል» አለ። ዓይኑ ውስጥ! እንደ ጉድፍ!

ሰይድ መሬት ላይ ቁጭ አለ። አዲሱ ቀንጃው ታፔላውን አይቶ «አንተም ቀብድ በልተሃል» ብሎ በሬውን ይዞ ሄዷል። ይህን ሲነግረኝ አያ እንድሪስ ደረሱ። ሰይድን ሲያዩ ዱላቸውን ከፍ አደረጉ፤ ሰይድም ተነሳ። አሁን ይደባደባሉ ብዬ መሐላቸው ልገባ ስል ሁለቱም ዱላቸውን ወደኔ አዞሩት። እኔን እየሰደቡ ተስማሙ። እኔን እየረገሙ ተሳሳሙ። በሬ ያለው ሌላ ሰው አንዳቸውንም ስለማያምን ነገ ጠዋት እንደ ድሮው አቀናጅተው ሊያርሱ ተማምለው፣ ተቃቅፈው ሄዱ። አጃኢብ ነው! ያስታረቅኋቸው እኔ ነኝ፣ አንዳቸውም ዞር ብለው አላመሰገኑኝም። ሰይድ እንዲያውም ከሩቅ ሆኖ «አጥፋው!» ብሎኝ ነው የሄደው።

አሁን ኢድ በር ላይ ነው። ከሸማቾች ማኅበሩ አንድ ሰው ገመድ ይዞ መጣና ቤቴን ይለካ ጀመር። እኔ ውስጥ ቆሜ እያለሁ፣ «እዚህ ጋ ቀዩን ሽንኩርት፣ እዚህ ጋ ነጩን» ይላል። ጓድ ሞላ አብሮት ነው።

«ጓድ ሞላ፣ በሬውን እናስቀረው። ጽሑፉ ብቻ ይሁን» አልኩት፣ እየለመንኩ።

«አይሆንም። መሠረተ ትምህርት ገና አልተጠናቀቀም። ፊደል ያልቆጠረው ሰፊው ሕዝብ ሥጋ ቤት መሆኑን በምን ሊያውቅ ነው? ሥዕል ያስፈልጋል። እስከ ነገ።»

ጓሮ ሄጄ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ አለቀስኩ። ደሴ መመለስ አይቻልም፤ ቆቦ ላይ ደግሞ በሬ ሁሉ ባለቤት አለው። ከፊቴ ለኢድ የገዛነው በሬ ታስሮ ያመሰኳል። ዘምዘም ውኃ ስታጠጣው ቆይታ ዞር አለችና «ለምን ይሄን አይስለውም?» አለችኝ።

«የቱን?»

«የኛን በሬ ነዋ! ባለቤቱ አንተ ነህ። ማን መጥቶ ይከስሃል? ደግሞም እውነትም ሊታረድ ነው።»

አንዳንዴ ሰው ዓይኑ ሥር ያለውን አያይም። ብድግ ብዬ ግንባሯን ሳምኳትና ወደ አራጋው ሮጥኩ። አራጋው ብሩሹን ይዞ ጓሮዬ ገባ። ዘምዘም በሬውን በአፍንጫው ይዛ አቆመችለት። የእኛ በሬ ቀይ ነው፣ ጭራው ጫፉ ነጭ፣ አንዱ ጆሮው የተሰነጠቀ። አራጋው ሁሉንም ሳለው። እግሩን እንዳያነሳ ለምኜው አራቱም መሬት ላይ አረፉ። ፀሐይዋን ግን አልተዋትም።

ታፔላው ቀለሙ ሳይደርቅ ተሰቀለ። ጓድ ሞላ አየ፣ «ይሁን» አለ። የማኅበሩ ሰውዬ ገመዱን ጠቅልሎ ወጣ። እኔ ወለሉ ላይ ሱጁድ ወረድኩ።

ኢድ ደረሰ። ከሰላት መልስ ሕዝቡ በቀጥታ ወደኔ ጎረፈ። ታፔላውን ያያሉ፣ የተሰቀለውን ቆዳ ያያሉ፣ ጆሮው መሰንጠቁን ያረጋግጣሉ፣ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። «እውነተኛ ቤት ነው፣ የሳለውን ነው ያረደው» ይባባላሉ። ቀትር ሳይደርስ አንዲት አጥንት አልቀረችኝም። የዚያን ቀን ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም። ዘምዘም ሳቀች፣ እኔ ሳቅሁ፣ ምነው የደሴው አሠሪዬ ባየኝ ብዬ ተመኘሁ።

በሳምንቱ ሌላ በሬ ገዛሁ። ጥቁር፣ ሥጋው ከፊተኛው የሚበልጥ። ቢስሚላህ ብዬ አርጄ ሰቀልኩት። ሰዉ ተሰለፈ። ፊት የቆሙት አንዲት እናት ናቸው፤ ሥጋውን አዩ፣ ቀና ብለው ታፔላውን አዩ።

«ይሄ የቀዩ ነው?»

«ቀዩ በኢድ አለቀ እናቴ። ይሄ ጥቁር ነው።»

«የቱ ጥቁር? ታፔላው ላይ ያለው ቀይ ነው።»

«ታፔላው ምልክት ነው እኮ!»

«ያን ቀን የተሳለው ነው የታረደው። ዛሬ ግን ያልተሳለ ተሰቅሏል» አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ልጄ፣ እውነቱን ንገረኝ። ይሄኛው ሞቶብህ ነው እንዴ? በክት ነው?»

በክት! ሥጋ ቤት ውስጥ ይህች ቃል ከተጠራች እሳት ተነሳ ማለት ነው። ሰልፉ ተበተነ። «የደበቀው ነገር ባይኖር ኖሮ ይስለው ነበር!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። እሳቸው ራሳቸው አያ እንድሪስ ከኋላ ዘንቢላቸውን እንዳንጠለጠሉ ብቅ አሉ። እኚህ ሰው እንኳ ይመሰክሩልኛል ብዬ ዓይን ዓይናቸውን አየሁ።

«ልጄ፣ ያላረድከውን በሬዬን ሳልከው። ያረድከውን ደግሞ ሳትስል ቀረህ። አንተ ምን ዓይነት ሰው ነህ?» አሉኝ።

ነገሩ ቀበሌ ደረሰ። ጓድ ሞላ ታፔላውንና ቆዳውን አመሳከረና ፈረደ። ሰፊውን ሕዝብ ማሳሳት ነው፤ ከዛሬ ጀምሮ ታፔላው ላይ ያልተሳለ በሬ እዚህ ቤት አይሰቀልም፤ ካልሆነ ሽንኩርቱ እየጠበቀ ነው። የዚያን ቀን ሥጋ ለጎረቤት በነፃ አከፋፈልኩ፤ ግማሾቹ እንኳ እያዩ እያሸተቱ ነው የወሰዱልኝ።

ቤቴ አልተወሰደችም፣ አልሃምዱሊላህ። እስከ ዛሬም ሥጋ ሻጭ ነኝ። በሬ በገዛሁ ቁጥር ግን መጀመሪያ የምጠራው አራጋውን ነው። መጥቶ አንድ ዓይኑን ይጨፍናል፣ «ብርሃኑ አልተመቸኝም፣ ወደዚያ አዙረው» ይለኛል፤ አዞረዋለሁ። ግማሹን ስሎ «ሰልፍ አለብኝ፣ መጣሁ» ብሎ ይሄዳል። ደንበኞቼ ዘንቢላቸውን ይዘው ፀሐይ ላይ ተሰልፈው ይጮኹብኛል። «ምን ትጠብቃለህ? እረደው እንጂ!»

«ትንሽ ታገሡ» እላቸዋለሁ፣ ቢላዬን ይዤ እንደቆምኩ። «ጭራው አልደረቀም።»